ለክትትል ሄደሽ ጭንቀትሽን ሳትናገሪ እንዳትመለሺ፦ በእርግዝና ጊዜ ለሚመጣ ድባቴና ጭንቀት ደረጃ በደረጃ መመሪያ

ክትትል ላይ የሚሆነውን ታውቂዋለሽ። ሚዛን ላይ ትወጫለሽ፣ ደም ግፊትሽ ይለካል፣ ሆድሽ ይታያል፣ የልጁ ልብ ምት ይደመጣል፣ አይረን ይሰጥሻል። ከዚያ "ሌላ የሚያስቸግርሽ ነገር አለ?" ትባያለሽ። "የለም፣ ደህና ነኝ" ብለሽ ትወጫለሽ። ታክሲ ውስጥ ገብተሽ እንባሽ ይወርዳል።

እኔ በሁለተኛው እርግዝናዬ ይህንን አራት ጊዜ አድርጌዋለሁ። በአምስተኛው ነው አፌን የከፈትኩት፣ እሱም ቀድሜ ወረቀት ላይ ጽፌው ስለሄድኩ ነው። ከዚያ ወዲህ ያወራኋቸው ብዙ እህቶች የሚሰናከሉት እዚያችው ቦታ ላይ ነው። ሕመሙ ጠፍቷቸው አይደለም። ምን ብለው እንደሚጀምሩ፣ ለማን እንደሚናገሩ፣ "የእርግዝና ጠባይ ነው" ተብለው ሲመለሱ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርጉ ነው የሚጠፋቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ100 ነፍሰ ጡሮች 10 ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥማቸዋል፣ አብዛኛውም ድባቴ ነው። በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ቁጥሩ ወደ 16 ይጠጋል። ስለዚህ ወረፋ ላይ አጠገብሽ ከተቀመጡት ውስጥ እንዳንቺ የሆነች ሴት መኖሯ አይቀርም።

ከመጀመርሽ በፊት፦ ይህ ካለ አታንብቢ፣ ሂጂ

ከሚከተሉት አንዱ ዛሬ ካለ ደረጃዎቹን መከተል አያስፈልግም። አሁኑኑ ሰው ጥሪና በአቅራቢያሽ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

- ራስሽን ለመጉዳት ወይም ሕይወትሽን ለማጥፋት እያሰብሽ ነው፣ በተለይ እንዴት እንደምታደርጊው ማሰብ ከጀመርሽ።
- ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማሻል፣ ወይም ቤተሰብሽ ሊጎዱሽ እንደሆነ እርግጠኛ ሆነሻል።
- ለቀናት ሳትተኚ ምንም አይደክምሽም፣ ሐሳብሽ ይሮጣል፣ ንግግርሽ አይቆምም።
- መብላትና መጠጣት አቁመሻል።

የሚሸኝሽ ከሌለ ኢትዮጵያ ውስጥ 907 ደውይ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። አሜሪካ ካለሽ 988 ደውይ። ሰው እስኪመጣ ድረስ ብቻሽን አትቀመጪ፣ ጎረቤትም ቢሆን ጥሪ። በቤት ውስጥ ያለ መድኃኒትና የተባይ ማጥፊያ ሁሉ ሌላ ሰው አውጥቶ ይውሰደው።

አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያም እዚሁ ልጨምር። ሁሉም ነገር ጭንቀት አይደለም። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ደም መፍሰስ፣ የደረት ሕመም፣ ቁጭ ብለሽም የማይለቅ የትንፋሽ ማጠር ወይም የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ካለ "ጭንቀቴ ነው" ብለሽ አትተይው። የሰውነት አደጋ ምልክት ስለሆነ በዚያው ቀን ታዪ።

ደረጃ 1፦ የእርግዝና ድካምን ከሕመም ለዪ

አስቸጋሪው ነገር ምልክቶቹ መደባለቃቸው ነው። እርጉዝ ሴት ይደክማታል፣ እንቅልፏ ይቆራረጣል፣ ምግብ ይዘጋታል። ድባቴም እነዚህኑ ያመጣል። ስለዚህ በድካምና በምግብ ብቻ አትለኪ። ራስሽን እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ጠይቂ፦

1. ባለፉት ሁለት ሳምንታት አብዛኛውን ቀን ከፍቶኝ፣ ሆድ ብሶኝ ወይም ተስፋ ቆርጬ ነበር?
2. ባለፉት ሁለት ሳምንታት ድሮ ደስ ይለኝ የነበረ ነገር ደስ ማለቱን አቁሟል?

ለአንዱም ቢሆን መልስሽ "አዎ" ከሆነ ወደ ደረጃ 2 እለፊ። ሁለት ሳምንት የሚለውን ልብ በይ። አንድ ቀን ማልቀስ ሕመም አይደለም። ከባልሽ ጋር ተጣልተሽ ሦስት ቀን መከፋትም ሕመም አይደለም። ጥሩ ዜና ሰምተሽ እንኳን ልብሽ ከፍ የማይል ከሆነ፣ ሲነጋ ገና ዓይንሽን ስትገልጪ ከከበደሽ፣ "እኔ ለዚህ ልጅ አልሆንም" የሚል ሐሳብ እየተመላለሰ ካስቸገረሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

እንቅልፍን ደግሞ እንዲህ ለዪው። ለሽንት ተነስተሽ ተመልሰሽ ከተኛሽ እርግዝናው ነው። ተነስተሽ ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስኪነጋ ጣራ ላይ ካፈጠጥሽ፣ ወይም ቤቱ ጸጥ ብሎ ተመችቶሽም እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ጻፊው።

ድባቴ ብቻ አይደለም

ብዙዎቻችን "አልከፋኝም እኮ፣ ብቻ ሐሳብ አበዛለሁ" እንላለን። ጭንቀትም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ባር ባር ይልሻል፣ ልብሽ በኃይል ይመታል፣ ልጁ ሞቶ ይሆን እያልሽ በቀን አሥር ጊዜ ሆድሽን ትነካኪያለሽ፣ አልትራሳውንድ "ደህና ነው" ብሎሽ ወጥተሽ በር ላይ ሳትደርሺ ፍርሃቱ ይመለሳል። ምጥን እስከ መቃዠት የሚያደርስ ፍርሃትም አለ፣ በተለይ የመጀመሪያው ወሊድ ከባድ ከነበረ። ከዚህ በፊት ፅንስ የጠፋባት፣ ልጅ የሞተባት፣ በጦርነት ውስጥ ያለፈች ወይም የተደፈረች ሴት ላይ ደግሞ ያ ቀን እንደገና እንደ ፊልም ይመጣባታል። የማህፀን ምርመራው ራሱ ሊቀሰቅሰው ይችላል።

ስለ አንዱ ግን ረዘም አድርጌ ላውራ፣ ምክንያቱም ማንም አፍ አውጥቶ አይናገረውም። ሳትፈልጊው "ልጄን ብጎዳውስ" የሚል ሐሳብ ወይም አስፈሪ ምስል ብልጭ ይልብሻል። ትደነግጫለሽ፣ ትጸልያለሽ፣ ቢላ ትደብቂያለሽ፣ ራስሽን እንደ ክፉ ሰው ትቆጥሪያለሽ። ሐሳቡ የሚያስጠላሽና የሚያስፈራሽ ከሆነ ይህ የታወቀ የጭንቀት ዓይነት ነው። ልታደርጊው ነው ማለት አይደለም፣ ሕክምናም አለው። ሐሳቡ ግን ትክክል መስሎ መታየት ከጀመረ ወይም አድርጊ የሚል ድምፅ ካለ፣ ከላይ "አታንብቢ፣ ሂጂ" ያልኩሽን አድርጊ።

ደረጃ 2፦ ለ14 ቀን መዝግቢ

ትንሽ ደብተር ያዢ። ማታ ማታ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። በየቀኑ እነዚህን ብቻ ጻፊ፦

- ለስንት ሰዓት ያህል ተኛሁ?
- ስሜቴ ከ0 እስከ 10 ስንት ነበር? (0 በጣም መጥፎ)
- ዛሬ ምን ማድረግ አቃተኝ? (ምግብ መሥራት፣ መታጠብ፣ ሥራ መሄድ፣ ስልክ ማንሳት)
- ራሴን ስለመጉዳት አስቤያለሁ? አዎ ወይም አይ።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ባለሙያ ፊት ስትቀመጪ ጭንቅላትሽ ባዶ ይሆናል፣ ወይም በዚያ ቀን ትንሽ ተሽሎሽ "ኧረ አሁንስ ደህና ነኝ" ትያለሽ። ደብተሩ ግን አይረሳም።

14 ቀን የምትጠብቂው ስሜትሽ መካከለኛ ከሆነ ብቻ ነው። በመካከሉ እየባሰ ከሄደ፣ ወይም ለመጨረሻው ጥያቄ አንድ ቀን እንኳን "አዎ" ካልሽ፣ መዝገቡን አትጨርሺ። በማግሥቱ ሂጂ።

መጻፍ ካቃተሽ በስልክሽ ድምፅሽን ቅጂ፣ ወይም ካላንደር ላይ ቁጥሯን ብቻ አስቀምጪ። ሦስት ቀን ብትዘልዪም ከዘለልሽበት ቀጥዪ፣ እንደ አዲስ አትጀምሪ።

ቤት ውስጥ የሚመታሽ ወይም የሚያስፈራራሽ ሰው ካለ ግን ደብተሩን ቤት አታስቀምጪ። ስልክሽም የሚፈተሽ ከሆነ እዚያም አትጻፊ። ቁጥሩን ብቻ፣ ምን እንደሆነ ሳትገልጪ፣ የክትትል ካርድሽ ጀርባ ላይ ጻፊ። ድብደባ በእርግዝና ጊዜ ለድባቴ ከሚያጋልጡ ትልልቅ ምክንያቶች አንዱ ስለሆነ እሱንም ለአዋላጇ ብቻሽን ሆነሽ ንገሪያት።

ደረጃ 3፦ አንድ ሰው ምረጪ

አንድ ብቻ። ለሁሉም መናገር አይጠበቅብሽም። ምክር የምታዘንብ ሳይሆን ዝም ብላ መስማት የምትችል ሰው ፈልጊ። ለብዙዎቻችን ያቺ ሰው እናታችን አይደለችም፣ እኅታችን ወይም የልብ ጓደኛችን ናት። ባልሽ ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ።

ንግግሩን ከድካም በኋላ ወይም በጠብ መሃል አታንሺው። እንዲህ ብለሽ ጀምሪ፦ "የምነግርህን መፍትሔ ሳትሰጠኝ መጀመሪያ ስማኝ። ከሦስት ሳምንት ጀምሮ ደህና አይደለሁም። ክትትል ስሄድ ልነግራቸው ነው፣ አብረኸኝ እንድትሄድ እፈልጋለሁ።"

"ምን ጎድሎሽ? ተመስገን በይ" ከተባልሽ፦ አትከራከሪ። "ማመስገንስ አመሰግናለሁ፣ ግን አሞኛል" በይና ሌላ ሰው ፈልጊ። የመጀመሪያው ሰው አልገባውም ማለት ችግሩ የለም ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጠው የሚያቆሙ ብዙ ናቸው፣ እባክሽ አታቁሚ።

ማንም ከሌለ የቀበሌሽን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አናግሪ። ቤትሽ ድረስ መምጣትም፣ ከጤና ጣቢያው ጋር ማገናኘትም ሥራዋ ነው።

ደረጃ 4፦ የክትትሉ ቀን

ዋናው ደረጃ ይህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ እንድትታይ ይመክራል፣ የመጀመሪያውም እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ይህ ማለት ለመናገር ስምንት ዕድል አለሽ ማለት ነው። ቀጠሮሽ ሩቅ ከሆነ ግን አትጠብቂው። ያለ ቀጠሮም መሄድ ትችያለሽ።

ማታውኑ አዘጋጂ

በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ እንዲህ ብለሽ ጻፊ፣ የራስሽን እየሞላሽ፦

"የ24 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። ከሦስት ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ ይከፋኛል፣ ባር ባር ይለኛል። ሌሊት ከ8 ሰዓት በኋላ አልተኛም። ምንም ነገር ደስ አይለኝም። ራሴን ስለመጉዳት አስቤያለሁ / አላሰብኩም። ከዚህ በፊት የአእምሮ ሕመም ታምሜ አውቃለሁ / አላውቅም። እርዳታ እፈልጋለሁ።"

የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነማሸጊያቸው በፌስታል ያዢ። የባህል መድኃኒትም ካለ ያዢው። ደብተሩንም አትርሺ።

ቅደም ተከተሉ

1. ጠዋት በጊዜ ድረሺ። ሰው ሲበዛ ባለሙያዋ ይቸኩልባታል፣ አንቺም ትሳቀቂያለሽ።
2. ክፍሉ ገብተሽ ገና ሚዛን ሳትወጪ "ዛሬ ልነግርሽ የምፈልገው ነገር አለ፣ ሳልወጣ አምስት ደቂቃ እፈልጋለሁ" በያት። መጨረሻ ላይ እናገራለሁ ካልሽ አትናገሪውም። ይህንን ከራሴ አራት ቀጠሮዎች ነው የተማርኩት።
3. ቃል ካቃተሽ ወረቀቱን ስጫት። ማልቀስ ከመጣብሽ አልቅሺ፣ ወረቀቱ ይናገርልሻል።
4. የምትጠይቅሽን በእውነት መልሺ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስለነበረሽ ስሜት ዝርዝር ጥያቄ ልትጠይቅሽ ትችላለች። "አንዳንድ ቀን" የሚለውን ስለ ይሉኝታ "በጭራሽ" አታድርጊው። ስለ ሞት የምትጠየቂውን ደግሞ በፍጹም አትደብቂ። ልጅሽን አይወስዱብሽም። የሚጠይቁሽ ሊጠብቁሽ ነው።
5. "የደም ማነስ አለብኝ ወይ? የታይሮይድ ምርመራስ ያስፈልገኛል?" ብለሽ ጠይቂ። ሁለቱም ድባቴና ጭንቀት የሚመስል ነገር ያመጣሉ።
6. ከመውጣትሽ በፊት ሦስት ነገር እወቂ፦ ማን ነው የሚያየኝ? መቼ? ከዚያ በፊት ቢብስብኝ የት ልሂድ? መልሱን ወረቀትሽ ላይ አስጽፊ።

ሲበላሽ

"የእርግዝና ጠባይ ነው፣ ስትወልጂ ይለቅሻል" ከተባልሽ፦ "ከሁለት ሳምንት በላይ ሆኖኛል፣ ሥራዬንም ምግቤንም አቁሞብኛል፣ የአእምሮ ጤና የሠለጠነ ሰው እንዲያየኝ እፈልጋለሁ" በይ። በብዙ ጤና ጣቢያዎች ለዚህ አጭር ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና የጤና መኮንኖች አሉ። ከሌሉ ሪፈር ጠይቂ። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነው የሚሄደው የሚለውን እርሺው፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ጠቅላላ ሆስፒታሎችም አሉ። "እዚያ ከታየሁ ስም ይወጣልኛል" ብለው የቀሩ አውቃለሁ። ከክትትልሽ ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ ያለውን ብትመርጪ ማንም ለምን እንደሄድሽ አያውቅም።

ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ካለ፦ "ለብቻ ማውራት እንችላለን?" በይ። መብትሽ ነው።

ባልሽ ወይም አማትሽ አብረው ገብተው መናገር ካቃተሽ፦ ወረቀቱን ከካርዱ ጋር አጥፈሽ ስጫት። ወይም የሽንት ምርመራ ስትሄጂ ተመልሰሽ ለብቻ ያዣት።

ከአገር ውጭ ከሆንሽ፦ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ የቤተሰብ አባል እንዲያስተረጉምልሽ አታድርጊ፣ በተለይ ልጅሽን። አሜሪካ ውስጥ ለእናቶች ብቻ የተከፈተ ነፃ ስልክ አለ፣ 1-833-852-6262፣ 24 ሰዓት ይሠራል፣ አስተርጓሚም ያገናኛል። እስራኤል ውስጥ የቲፓት ሃላቭ (የእናቶችና የሕፃናት ጤና ጣቢያ) ነርስ በእርግዝናም ከወሊድም በኋላ ስለ ስሜትሽ አሥር ጥያቄ ትጠይቅሻለች። ያኔ ጥያቄው ካልገባሽ እንዲሁ "አይ" ብለሽ አትለፊው፣ በአማርኛ እንዲያስረዱሽ ጠይቂ።

ደረጃ 5፦ ሕክምናውን በትክክል ያዢ

ቀለል ላለና ለመካከለኛ ድባቴ በሠለጠነ ሰው የሚሰጥ የምክር ሕክምና ብቻውን ሊበቃ ይችላል። በየሳምንቱ ቀጠሮ ይኖርሻል። ሁለት ጊዜ ሄደሽ "ወሬ ብቻ ነው" ብለሽ አትተዪ፣ ቢያንስ አራት አምስቱን ሞክሪ።

ከበድ ካለ መድኃኒት ይታዘዛል። እርጉዝ መድኃኒት አትወስድም የሚለው አባባል ስህተት ነው። ያልታከመ ከባድ ድባቴም ራሱ ለእናትም ለልጅም ጉዳት አለው፤ የማትበላ፣ የማትተኛ፣ ክትትል የምታቋርጥ እናት ልጅም አደጋ ላይ ነው። ሐኪሙ ሁለቱን አመዛዝኖ ይወስናል። ሰርትራሊን የተባለው የድባቴ መድኃኒት ለነፍሰ ጡር በብዛት ከሚመረጡት ውስጥ ነው።

ስትጀምሪ እነዚህን ያዢ፦

- ለውጡ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚመጣው ማቅለሽለሽ ወይም መረበሽ ነው፣ መሻሉ በኋላ ነው። አብዛኛው ሰው የሚያቋርጠው እዚህ ጋ ነው።
- ከረሳሽ እንዳስታወስሽ ውሰጂ፣ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን ዝለይው። ሁለት አትደራርቢ።
- ሲሻልሽ አታቁሚ። ማቆሚያው ሐኪሙ በደረጃ የሚቀንሰው ነው።
- መረበሽ በጣም ከጨመረ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ በዚያው ቀን ተመለሺ።

ከማርገዝሽ በፊት መድኃኒት ላይ ከነበርሽ

እርግዝናውን ባወቅሽበት ቀን በራስሽ አታቁሚ። በድንገት ማቆም ሕመሙን በኃይል ሊመልሰው ይችላል። በዚያው ሳምንት ሐኪምሽን አግኚ። በተለይ ለሚጥል በሽታና ለስሜት መዋዠቅ ሕመም የሚሰጠውን ሶዲየም ቫልፕሮዌት የምትወስጂ ከሆነ በማግሥቱ ሂጂ፣ በፅንሱ አከርካሪና አንጎል ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ የታወቀ ነው። ካርባማዜፒንና ሊቲየምም የራሳቸው ጥንቃቄ አላቸው። የሚጥል በሽታ ካለብሽ ደግሞ ቫልፕሮዌትን በራስሽ ማቆም ከባድ አደጋ ነው፣ ስለዚህ ሩጪ እንጂ አታቁሚ። ገና ለማርገዝ እያሰብሽ ከሆነ ንግግሩን አሁን ጀምሪው።

ከፋርማሲ በራስሽ የምትገዢው

ዲያዚፓም ለእንቅልፍ ብለሽ አትግዢ። ልጁ ሲወለድ እንዲፈዝና አተነፋፈሱ እንዲደክም ሊያደርግ ይችላል። የጎረቤትሽን መድኃኒትም አትውሰጂ። ጤና አዳምን አብዝቶ ቀቅሎ መጠጣትም ለነፍሰ ጡር ጥሩ አይደለም፣ ማህፀንን ያነቃቃል።

ጸበልና መድኃኒት

ብዙዎቻችን ጸበል እንሄዳለን፣ እኔም ሄጃለሁ። ጸበል መጠመቅና መድኃኒት መውሰድ አይጋጩም። ችግሩ የሚመጣው "መድኃኒቱን አቁሚ" የሚል ሰው ሲመጣ ነው። አታቁሚ። የንስሐ አባትሽን ቀድመሽ አማክሪ፣ መድኃኒትሽን ይዘሽ ሂጂ። በባዶ ሆድ ለቀናት መቆየትና በቀዝቃዛ ውኃ ብዙ መቆም ግን ለእርጉዝ አይሆንም። ጾምንም በተመለከተ እንዲሁ የንስሐ አባትሽን ወይም ሼክሽን አነጋግሪ። ሙስሊም ከሆንሽ ለራስሽ ወይም ለልጅሽ ከፈራሽ የረመዳንን ጾም በኋላ መክፈል እንደምትችይ ታውቂያለሽ።

ደረጃ 6፦ ቤት ውስጥ የምታደርጊው

ይህ ሕክምናውን አይተካም። ከሕክምናው ጎን ነው የሚሄደው።

ቡና። አቦል ላይ አቁሚ። ቶናና በረካ ለሌላው ይሁን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጨርሶ ተዪው። ቡና የልብ ምትን ይጨምራል፣ ጭንቀት ያለባት ሴት ደግሞ ያንን ምት "መጣብኝ" ብላ ትተረጉመዋለች። አይረንሽንም ከቡናና ከሻይ ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቂው፣ ያለዚያ በደንብ አይሠራም። ቡና ተጠርተሽ መቅረት አያስፈልግም። ሂጂ፣ ጨዋታው ራሱ ይጠቅምሻል። ጫት ግን ሙሉ በሙሉ ይቅር።

አንድ ትንሽ ነገር በቀን። ድባቴ "ደስ ሲለኝ አደርገዋለሁ" ያሰኛል። ተገላቢጦሹን አድርጊ። ባይደላሽም በተወሰነ ሰዓት አሥር ደቂቃ ከቤት ወጥተሽ ተራመጂ፣ ፀሐይ ሙቂ። አሥር ደቂቃ ከበደሽ? በር ላይ ቁሚና ተመለሺ። እሱንም ደብተሩ ላይ ጻፊው።

ጭንቀቱ ድንገት ሲያጣድፍሽ። ቁጭ በይ። በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ አስገቢ፣ በአፍሽ ከዚያ ረዘም አድርገሽ አስወጪ። እስከ አራት ቆጥረሽ አስገብተሽ፣ እስከ ስድስት ቆጥረሽ አስወጪ። አሥር ጊዜ። ማዞር ከጀመረሽ በጣም ስበሽ እየተነፈስሽ ነው፣ አቅልዪው። ከአምስተኛው ወር በኋላ በጀርባሽ ተኝተሽ አታድርጊው፣ በጎንሽ ሁኚ።

ስልክ። ስለ አስፈሪ ወሊድ የሚያወሩ ቪዲዮዎችን ማታ አትዪ። በእርግጠኝነት የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የታየ ቪዲዮ ማንንም አረጋግቶ አያውቅም።

ደረጃ 7፦ ይህ ለባልና ለቤተሰብ ነው

ወንድሜ፣ ይህን ክፍል እሷ ከሰጠችህ ደፍራ ነው የሰጠችህ።

- "በርቺ" አትበላት። "ዛሬ ምን ልሥራልሽ?" በላት። መልስ ካጣች አንድ ሥራ ራስህ ምረጥና ጨርስ፦ ውኃ መቅዳት፣ ልጆቹን ማጠብ፣ እራት።
- ሁሉንም ነገር አምሮት ነው ብለህ አትለፍ። ሥጋ ስለገዛህላት ድባቴ አይለቅም።
- ክትትል አብረህ ሂድ፣ ክፍሉ ውስጥ ግን አምስት ደቂቃ ብቻዋን ተዋት።
- በቀጥታ ጠይቃት፦ "ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?" መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም፣ ብዙ ጊዜ ይቀላታል። "አዎ" ካለች አትጩህ፣ አትቆጣ፣ አታስምላት። አብረሃት ተቀመጥና በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይዘሃት ሂድ።
- ገንዘብ ትልቅ ጭንቀት ነው። ለወሊድ ምን አላችሁ፣ ምን ይጎድላል፣ አብራችሁ ጻፉት። የእርግዝና ክትትልና ወሊድ በመንግሥት ጤና ተቋም ነፃ መሆኑንም አስታውሳት።

እናቶችና አክስቶች፣ "ማርያም በሽልም ታውጣሽ" ማለታችሁ ይበረታ። ስለሞተችው ጎረቤትና ሦስት ቀን ስላማጠችው ዘመድ ግን ፊቷ አታውሩ።

ደረጃ 8፦ የአራስ ቤቱን አሁን አዘጋጂ

በእርግዝና ድባቴ የነበራት ሴት ከወለደችም በኋላ ሊቀጥልባት ይችላል፣ ስለዚህ ከ34ኛው ሳምንት በፊት ይህን ጨርሺ።

የሌሊት ሰው ወስኚ። ቢያንስ አራት ሰዓት በተከታታይ እንድትተኚ ልጁን የሚይዝ ሰው በስም ይታወቅ፦ እናትሽ፣ እኅትሽ፣ ባልሽ። "ያኔ እናያለን" አይሠራም። ጠያቂ በዝቶ እንቅልፍ ከነሳሽ በትሕትና የሚመልስ ሰውም ይመደብ፣ ገንፎውን በልተው በጊዜ እንዲሄዱ።

ቀኖቹን እወቂ። በወለድሽ ከ3 እስከ 5 ቀን አካባቢ ያለ ምክንያት ማልቀስ ብዙ እናቶች ላይ ይመጣል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥም ይለቃል። ከሁለት ሳምንት ካለፈ ወደ ደረጃ 4 ተመለሺ። ሌላው ከስንት አንዴ የሚመጣ፣ ከ1,000 ወላዶች አንዷን ወይም ሁለቷን የሚይዝ፣ ግን በጣም አጣዳፊ የሆነ ሕመም አለ። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በድንገት ይጀምራል፦ አትተኛም፣ ትቀባዥራለች፣ ድምፅ ትሰማለች፣ ልጁ የእኔ አይደለም ትላለች። ሰው "አራስ ነች፣ ጋኔን ነክቷት ነው" ብሎ ቀናት ያባክናል። በሰዓታት ውስጥ ሆስፒታል መግባት አለባት፣ ልጁም ከእሷ ጋር ብቻውን አይተው። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባት፣ ወይም ስሜቷ ከጣራ በላይ ወጥቶ የሚወርድ የባይፖላር ሕመም ያለባት ሴት አደጋዋ በጣም ከፍ ያለ ስለሆነ ገና እርጉዝ እያለች ሐኪሟ ማወቅ አለበት።

ጡት ስለማጥባት ጠይቂ። ብዙ የድባቴ መድኃኒቶች ጡት ከማጥባት ጋር ይሄዳሉ። "ላጥባ ብዬ አቆምኩት" እንዳትዪ፣ ከመውለድሽ በፊት የአንቺን መድኃኒት በስሙ ጠቅሰሽ ጠይቂና መልሱን አስጽፊ።

ቀጠሮውን ያዢ። ልጁ በ45ኛው ቀን ለክትባት ይሄዳል። ሁሉም ሰው ልጁን ያያል፣ ይመዝናል፣ ይከትባል። ያን ቀን ጠዋት ከቤት ሳትወጪ በደረጃ 1 ላይ ያሉትን ሁለት ጥያቄዎች ራስሽን እንደገና ጠይቂ። "አዎ" ካልሽ ያቺኑ ወረቀት፣ ሳምንቱንና ቀኑን ቀይረሽ፣ ከልጁ የክትባት ካርድ ጋር አብረሽ ለነርሷ ስጫት።